የድንቅነሽ ዳሌ፦ የተለካውና የተሞላው

ስካን ተደርጎ በኮምፒውተር የተሟላ ቅሪተ አካል ጥራቱ የሚታወቀው ልኬቱ የት እንዳበቃ፣ ግምቱ የት እንደጀመረ በግልጽ ሲያሳይ ነው። ለዚህ ከጥንታዊቷ የሰው ዘመድ ከድንቅነሽ አጽም የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘው አጽሟ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ሲነሣ ከ35,000 በላይ ምስሎች ወጡ፤ የጎደለው ግን እንደጎደለ ነው።

የጎደለውን ለመሙላት የመጀመሪያው መንገድ ቀዳዳ የሚደፍኑ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እነዚህ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለስላሳ ገጽ ይዘረጋሉ። ለጠባብ ስንጥቅ ይህ ይበቃል። ጡንቻ የሚያያዝበት ሸካራ ቦታ ሲለሰልስ ግን ያልነበረ አጥንት ይፈጠራል።

ሁለተኛው መንገድ አንዱን ጎን ገልብጦ ለሌላው መጠቀም ነው። ከድንቅነሽ የተገኙት የግራ ጭን አጥንትና የቀኝ ቅልጥም ስለሆኑ ጉልበቷን ለመግጠም አንዱን መገልበጥ ግድ ነው። የዳሌዋም የግራው ብቻ ተገኝቷል፤ እሱም ከኋላ በኩል ተሰባብሮ ነበር። የተጣመመ ዳሌ ሲገለበጥ ጥመቱም አብሮ ይገለበጣል፦ በአንድ ጎን የ2 ሚሊሜትር ስሕተት በወርዱ 4 ይሆናል። ደግነቱ ሁለቱን ዳሌዎች ከኋላ የሚያጋጥመው አጥንት ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆኖ ስለተገኘ መመዘኛ ይሆናል። ጠንቃቃ ባለሙያ መጋጠሚያው አልገጥም ሲል በግድ አያጣብቀውም፤ የቀረውን ክፍተት ለክቶ ይጽፈዋል።

ሦስተኛው መንገድ፣ ከሌላ ዝርያ መዋስ፣ ከሁሉም ያሰጋል። ከሰው በተወሰደ ቅርጽ የተሞላ ዳሌ ወደ ሰው ያዘነብላል፤ ከዚያ ተነሥቶ «እንደ ሰው ትራመድ ነበር» ማለት ያስገቡትን መልሶ ማውጣት ነው። ከሰውም ከቺምፓንዚም ሞልቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ያቀረበ ሥራ ሊታመን ይገባዋል። ዘዴውን ለመፈተን በእጅ ያለ ክፍል ሆን ተብሎ ይደበቃል፣ እንደጎደለ ተቆጥሮ ይሞላል፣ ከእውነተኛው ጋር ይነጻጸራል። ይህን ልዩነት በሚሊሜትር የማይናገር ዘገባ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጎዶሎ ነው።

የተሟላው ሞዴል ሲቀርብ የተገለበጠው፣ በውሰት የተሞላውና በማለስለስ የተደፈነው የየራሳቸው ቀለም ይሻሉ፤ ለሁሉም አንድ ግራጫ ቀለም ብዙ ይደብቃል። ባንድ ቀለም ፕላስቲክ ሲታተም ይህ ሁሉ ስለሚጠፋ፣ አስተዋይ ሠሪ የተሞላውን ከአጥንቱ ገጽ በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ በጣት እንዲለይ ያደርጋል። ያልተነካው ስካንም ለብቻው መቀመጥ አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. የድንቅነሽ የትከሻና የጉልበት ፋይሎች ለሕዝብ ስለተለቀቁ፣ የእነዚህን ክፍሎች አሞላል የሚጠራጠር ከመነሻው ሠርቶ ማወዳደር ይችላል።