እንሰት ያለበት የሃዋይ ሸሚዝ

ሸሚዙን ያገኘሁት ሐዋሳ ሳልባጅ ተራ፣ ከተከመረ ጨርቅ ውስጥ ነው። ጥቁር ቀይ መደብ ላይ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል አለው። ሻጩ ትከሻዬ ላይ ለካልኝና «ይሄ እንሰት ነው፣ የእኛ ነው ወንድሜ» አለኝ። አንገትጌው ውስጥ የተሰፋው ምልክት ግን ሆኖሉሉ ይላል።

ቅጠሉ የሙዝ ነው። ሆኖም ሰውዬው ብዙም አልተሳሳተም፤ በዚህ ሸሚዝ ታሪክ ውስጥ «የእኛ» የሚለው ቃል ድሮም የተምታታ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የሆኖሉሉ ልብስ ሰፊዎች ለኪሞኖ ከመጣ የጃፓን ጨርቅ ይሰፉት ነበር። ሙሳ-ሺያ የተባለ የጃፓናውያን ሱቅ በ1935 እ.ኤ.አ. «አሎሃ ሸሚዝ» ብሎ ጋዜጣ ላይ አስተዋወቀ፤ ቻይናዊ ዝርያ ያለው ኤለሪ ቹን ደግሞ ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ከሊባኖሳውያን ቤተሰብ የተወለደው አልፍሬድ ሻሂን በ1948 ሥራ ጀምሮ ቆይቶ የራሱን ማተሚያ አቋቋመ፤ ሰዓሊዎችም ቀጠረ። የእሱ ንድፎች እዚያው ደሴቷ ላይ ይሳሉ ነበር። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ኪሱን እዩልኝ። የት እንዳለ በዓይን አይገኝም፤ በጣት ነው የሚፈለገው። ደረቱ ላይ የተቆረጠው ቅጠል ኪሱ ላይ ሳይዛነፍ ይቀጥላል። እንዲህ ለመስፋት ጨርቅ ማባከን ግድ ነው። ቀለሙ ሬዮኑ ውስጥ ጠልቋል፤ ሲታጠብ ደብዝዞ እንኳ ያምራል።

በበዓል ሰሞን ገበያችንን የሚሞላው ፖሊስተር ላይ የታተመ ጥለት የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ማሽን ስለሠራው አይደለም፤ የሃዋይውም ህትመት ነው። የእኛው ግን ክር መስሎ ሊያታልል ይሞክራል፣ የሸማኔውን እጅ ጥላ ሳይቀር ያትማል። የሃዋይው ቀለም መሆኑን አይደብቅም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ስንቱ ልጅ ለውጭ ብራንዶች ሸሚዝ ሰፍቷል። መስፋቱን እንችልበታለን። ንድፉ ግን ተስሎ ያለቀው ሌላ አገር ነው። አሞራ ገደል ዳር ካባ እንደደረበ ሽማግሌ የሚቆመውን አባ ኮዳ፣ የሲዳማን ጓሮ እንሰት፣ መረብ ላይ የሚያብለጨልጨውን ቆሮሶ ሸሚዝ ላይ አይቼ አላውቅም። ሻጩ በሙዝ ቅጠል ውስጥ እንሰት የፈለገው ወዶ አይመስለኝም።

ገዛሁት። ሁለተኛዋ ቁልፍ ጠፍታ ነበር። የቀሩት ከኮኮናት ቅርፊት የተሠሩ ናቸው፤ ሰፊዬ አምሳያቸውን ቢያጣ ጊዜ ነጭ ፕላስቲክ ተከለበት።