«ባለ ሦስት አውታረ መጠን» ወይስ «ጥንድ ምስል»?

በቤት ኮምፒዩተር የሚዘጋጀውን የስቴሪዮስኮፕ ምስል አንዳንድ ተርጓሚዎች «ባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል» ይሉታል። ስያሜው ለጆሮ የተስማማ ቢሆንም ጽንሰ ሐሳቡን ያዛባል።

አሠራሩን እንመልከት። አንድ ነገር ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከተራራቁ ሁለት ነጥቦች ፎቶግራፍ ይነሣል። ኮምፒዩተሩ ከግራው ፎቶግራፍ ቀዩን፣ ከቀኙ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቀለም ወስዶ ያዳብላል። ተመልካቹ በግራ ቀይ፣ በቀኝ ውሃ ሰማያዊ የሆነ መነጽር ሲያደርግ እያንዳንዱ ዐይን የየድርሻውን ያያል፤ ጥልቀቱን የሚፈጥረው አእምሮ ነው። ቻርልስ ዊትስተን እ.ኤ.አ. በ1838 ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ቤላ ዩሌሽም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት በኮምፒዩተር የተሠሩ የነጠብጣብ ምስሎችን አቅርቧል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ቅርጽ የለውም፤ ቅርጹ የሚገለጠው ሁለቱ ሲጣመሩ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው አውታር በምስሉ ውስጥ የለም። በኮምፒዩተር የተቀረጸ ባለ ሦስት አውታር አካል ዞሮ ከጀርባው ይታያል፤ ይህ ግን አይታይም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት፣ ሁለት ፎቶግራፍ የሚበቃውን ሠልጣኝ የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ፍለጋ ይሰደዋል።

«ስቴሪዮ» እንዳለ እንዳይወሰድ በአማርኛ ለድምፅ ተይዟል። «ድርብ ምስል»ም የዐይን ሕመምን ያስታውሳል። «ጥንድ ምስል» ግን ሁለትነትንም አብሮ መሥራትንም ይይዛል፤ መሣሪያውንም «የጥንድ ምስል ማያ» ለማለት ያስችላል። ጥልቀትን አለመጥቀሱ ጉድለት ነው። ሆኖም የጎደለው በፍቺ ይሟላል፤ የተሳሳተው ግን አንባቢን ያስታል።