በቱርክኛ ጥናታዊ ጽሑፍ ጥሩ ድግግሞሽ እንዴት ይለያል?

የቱርክኛ ጥናታዊ ጽሑፍ አንድን ሐሳብ ካስቀመጠ በኋላ «ባሽካ ቢር ዴይሽሌ»፣ ማለትም «በሌላ አነጋገር» ብሎ መልሶ ያነሣዋል። ይህን አይቶ ብቻ ጽሑፉን «የተንዛዛ» ብሎ መጣል ዳኝነት አይደለም። የኦቶማን ዘመን የንግግር ጥበብ መምህራን ትርፍ ቃልን «ሃሺቭ» ብለው በሦስት ከፍለውታል፤ አስቀያሚ፣ መካከለኛና ውብ። ትርፍ ሆኖ ሳለ የሚያምር አነጋገር እንዳለ ያውቁ ነበር፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ዋናው መፈተኛ ከ«በሌላ አነጋገር» ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊው «ብድር ያገኙ ገበሬዎች ካላገኙት ይልቅ ብዙ ትራክተር ገዝተዋል» አለ እንበል። ቀጥሎ «በሌላ አነጋገር በትራክተር ግዢ ተበዳሪዎቹ ይበልጣሉ» ቢል አንባቢው አንዳች አላተረፈም። «በሌላ አነጋገር ብድር ትራክተር ያስገዛል» ቢል ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ብቻ አስቀምጦ ነበር፤ ሁለተኛው ምክንያትና ውጤት አደረጋቸው፤ ማስረጃ ሳይጨመር ድምዳሜው አደገ። እንዲህ ያለው ስሕተት ማብራሪያ መስሎ ስለሚገባ በጥብቅ ሊጠነቀቁት ይገባል። ብርቱ ጸሐፊ ግን «በሌላ አነጋገር በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አለ፤ ያመጣው ብድሩ ይሁን የመሬታቸው ስፋት ገና አልተለየም» ይላል። ይህ ድግግሞሽ የሐሳቡን ወሰን አጥርቷልና ቦታው ይገባዋል።

ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል። የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ግሡ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አንባቢው ባለቤቱን ሊረሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አጭር መልሶ መናገር ደግነት ነው፤ ከረዥሙ እኩል ከረዘመ ግን ምን ጠቀመ?

የቃላት ምርጫም ይታያል። በ1932 የተቋቋመው የቱርክ ቋንቋ ማኅበር የዐረብኛና የፋርስኛ ቃላትን በቱርክኛ ለመተካት ብዙ ደክሟል፤ ሆኖም ዛሬ ብዙዎቹ ከነምትካቸው ይኖራሉ፦ «ሻርት» እና «ኮሹል» ሁለቱም «ቅድመ ሁኔታ» ናቸው። በልብ ወለድ ማፈራረቁ ያምር ይሆናል። በጥናት ውስጥ ግን በ«ኮሹል» የተበየነው ነገር ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «ሻርት» ከተባለ፣ አንባቢው አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ያንኑ ቃል ሳያፍሩ መድገም ትልቅ ሙያ ነው።

በመጨረሻ መግቢያውንና መደምደሚያውን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። መግቢያው ላይ «ይመረመራል» የሚለው «ኢንጄሌኔጄክቲር»፣ መደምደሚያው ላይ «ኢንጄሌንሚሽቲር»፣ «ተመርምሯል» ሆኖ ሌላው ሁሉ እንዳለ ከተገለበጠ፣ ጊዜው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተመለሰም። እንዲህ ያለው ጥናት የቱንም ያህል ቢወፍር ገና አላለቀም።