ጎፈሩ የማን ነው?

ፊቱን በነጭ ቅባት ለቅልቆ፣ በዐይኖቹ ዙሪያ የሌሊት ወፍ ክንፍ የመሰለ ጥቁር ሥዕል ስሎ፣ ምላሱን እስከ አገጩ ጎልጉሎ ደም የሚተፋ ሰው ሙዚቀኛ ነው ወይስ ቀልደኛ? «ኪስ» የተባለው የአሜሪካ ባንድ በተነሣ ቁጥር የሚደመጠው ሙግት ይኸው ነው። ለእኔ ሙግቱ ከሥሩ የተንጋደደ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው መሸንቲ ተቀምጦ ስለ ሄቪ ሜታል መጻፍ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይፍቀድልኝና፣ አስፈሪ መስሎ ሰው ፊት መቆምን ጎጃሜ ከኒውዮርክ ልጆች የሚማረው ነገር አይደለም። ጎፈር ደፍቶ፣ ለምድ ደርቦ፣ ጦሩን እየሰበቀ የሚፎክር ሰው ቴአትር እየሠራ ነው፤ እየዋሸ ግን አይደለም። በቀድሞው ዘመን ጎፈር ከገበያ ተገዝቶ የሚደፋ ጌጥ አልነበረማ! ግዳይ የጣለ ወይም የተሸለመ ጀግና ምልክት ነበር። ኋላ በየቴአትር ቤቱ መድረክ ቀረርቶ አቅራቢው ሁሉ ይደፋው ጀመር፤ «ምን ገድለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። እኔም ኪስን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ባንዱ በ1973 ኒውዮርክ ውስጥ ተመሠረተ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጂን ሲመንስ ጋኔን፣ ፖል ስታንሊ ባለ ኮከብ ዐይን፣ ኤስ ፍሬሊ የጠፈር ሰው፣ ፒተር ክሪስ ድመት ሆኑ። ፊት ቀብቶ ማስደንገጡን እንኳ አሊስ ኩፐር ቀድሟቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞቻቸው ብዙም ሳይሸጡ ቀርተው በ1975 «አላይቭ!» የተሰኘው የኮንሰርት ቅጂ ከፍ አደረጋቸው። ያም ቢሆን ስቱዲዮ ገብቶ በብዙ የታረመ ቅጂ ነው። በ1977 የማርቭል ኩባንያ የሥዕል መጽሔት ሲያሳትምላቸው ደማቸውን ተቀድተው ከቀይ ቀለሙ ጋር ቀላቀሉት። ስማቸው የሰይጣን አገልጋዮች ማለት ነው የሚል ወሬም ተነዛባቸው፤ እነሱ አስተባበሉ፤ ገበያቸውን ግን አልጎዳውም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። ሲመንስ ከናዚ ማጎሪያ ከተረፈች የሃንጋሪ አይሁዳዊት እስራኤል ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። ስታንሊ ደግሞ ቀኝ ጆሮው ሳይሟላ የተወለደ፣ በዚያም ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። እኩዮቹ የተሳለቁበትን ይህን ጆሮ በፀጉሩ ሸፍኖ ኖሮ፣ ነገሩን በ2014 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ በዝርዝር ጻፈው። እንዲህ ያለ ልጅ ዐይኑ ላይ ኮከብ ስሎ በሺህ ሕዝብ ፊት ሲቆም፣ እኔ በበኩሌ ግዳይ ጥሏል እላለሁ። ጎፈሩ ይገባዋል።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። በ1983 ቅቡን አጥበው በቴሌቪዥን ታዩ። በ1996 አራቱም ተመልሰው ተቀቡ፤ አዳራሹም ሞላ። ፍሬሊና ክሪስ እንደገና ሲለዩ ግን የጠፈር ሰው የሆነውን ፊት ቶሚ ታየር፣ የድመቱን ኤሪክ ሲንገር ተቀቡት። ሁለቱም የሚናቁ ሙዚቀኞች አይደሉም። ነገር ግን ሌላው የገደለውን አንበሳ ጎፈር ደፍቶ መፎከር በእኛ አገር ምን እንደሚያሰኝ አንባቢ ያውቃል። በስማቸው የሬሳ ሣጥን እስከ መሸጥ የደረሱ ሰዎች ይህ አልከበዳቸውም።

ታኅሣሥ 2 ቀን 2023 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የመጨረሻውን ኮንሰርት ጨርሰው ሲወርዱ፣ በኮምፒዩተር የተሠሩ አራት ምስሎቻቸው ብቅ ብለው ዘፈኑን ቀጠሉ። በ2024 ስማቸውን፣ መልካቸውንና የዘፈን መብታቸውን ፖፕሃውስ ለተባለ የስዊድን ኩባንያ ሸጡ፤ ዋጋው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ተብሎ ተዘግቧል። ፍሬሊ በ2025 አረፈ። የጠፈር ሰውዬው ግን ባለቤት አለው፤ ገና ይዘፍናል።

ለእኛ ባንዶች ይህን ማሰቡ አይከፋም። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ሲያወጣ፣ የአገራችንን ቅኝት በሚያገሳ ጊታር መጫወቱ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ስሙን የወሰደው ከክብር ልብስ ነው፤ ጭንብል ግን አላጠለቀም። ስለዚህ ዲበኩሉ ታፈሰ ወይም ኃይሉ አመርጋ ከመድረኩ ቢጎድል ቀለም የተቀባ ሌላ ሰው ቦታውን አይሞላውም፤ ሰሚው ወዲያው ያውቃል። ለነጋዴ ይህ ጉድለት ነው። እኔ የምስሎቹን ትርኢት ለማየት ሳንቲም አላወጣም፤ የታረመውንም ቢሆን የ1975ቱን ቅጂ አዳምጣለሁ።