ማሳ፣ መዝገብና ባለሙያ፦ የወረዳ መንግሥት ሥራ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የመንግሥት ሥራን የዕድሜ ልክ ሙያ አድርጎ የያዘ ሰው ከሥራው የሚያገኘው እርካታ ብዙውን ጊዜ በደረጃ ዕድገት፣ በዝውውርና በሹመት ይለካል፤ ይህ መለኪያ ግን በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚሠራ የወረዳ ባለሙያ እምብዛም አይጠቅምም። በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያሉት የኃላፊነት መደቦች ጥቂት ናቸው፤ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ለመዛወር የሚጠብቀው ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ነው። ተስፋውን በእነዚህ ላይ የጣለ ሰው የአገልግሎት ዘመኑን የሚያሳልፈው በመጠባበቅ ስለሆነ፣ የተሻለው መንገድ በመንግሥት ሥራ ውስጥ አንድ ሙያ መርጦ፣ ያንኑ ሙያ ዓመት በዓመት እያጠሩ መሄድ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

በችሎታ የሚቀጠርና ሹም በተለዋወጠ ቁጥር ከቦታው የማይነቀል የመንግሥት ሠራተኛ ሊኖር ይገባል የሚለው ሐሳብ በኢትዮጵያ ሕግ ቅርጽ የያዘው በ1954 ዓ.ም. በትዕዛዝ ቁጥር 23 የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የወጡት አዋጅ ቁጥር 262/1994፣ 515/1999 እና 1064/2010ም ይህንኑ መርሕ እያሻሻሉ ተከትለዋል። ለገጠሩ ነዋሪ ግን ነገሩ በተጨባጭ የተለወጠው ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች ጥቅል በጀት፣ ማለትም ክልሉ በቀመር አስልቶ የሚሰጣቸውንና ራሳቸው ደልድለው የሚያወጡትን ገንዘብ ማስተዳደር ሲጀምሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የግብርና ባለሙያውም የወረዳው ሠራተኞች ሆኑ፤ ገበሬው መንግሥት ብሎ የሚያውቀውም በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ የሚያገኘውን ሰው ሆነ።

በዚህ አካባቢ አንድ ማሳ ረጅም ታሪክ አለው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት መሬቱ ርስት ነበር፤ ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም የዘር ሐረግ ቆጥሮ የሚጠየቅ የመሬት መብት ነው። በየካቲት 1967 የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ መሬቱ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት ተደለደለ፤ በ1980ዎቹም በክልሉ ውስጥ በተካሄዱት ድልድሎች ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጠ። በአንድ ወሰን ላይ እያንዳንዱ ዘመን የየራሱን ጠያቂ ትቶ አልፏል። በአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 46/1992 መሠረቱ የተጣለውና ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተግባር የተስፋፋው የይዞታ ምዝገባ፣ እንዲሁም ተከትለው የወጡት አዋጅ ቁጥር 133/1998 እና 252/2009፣ ይህን የተደራረበ ጥያቄ ወደ ጽሑፍ የማምጣት ሥራ ናቸው። ውጤቱ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው፤ ባልና ሚስት መሬቱን በጋራ የያዙ ከሆነ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ይሰፍራል።

የባለሙያው ጥበብ የሚጀምረው ከወሰኑ ላይ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች በሚወርደው በዚህ ምድር የአንድ ቤተሰብ ይዞታ አንዱ ደጋ የገብስ ማሳ፣ ሌላው ከታች የጤፍ ወይም የማሽላ ማሳ እየሆነ ሊበታተን ስለሚችል፣ በአንድ ቦታ ቆሞ «መሬትህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይሆንም። ጥሩ ባለሙያ ለልኬት የሚወጣው አዝመራው ተሰብስቦ ወሰኑ በግልጽ በሚታይበት ወራት ነው፤ አዋሳኞችን፣ ማለትም በአራቱም አቅጣጫ ማሳው የሚነካቸውን ባለይዞታዎች፣ በጉባኤ ፊት ከመጠየቁ በፊት ለየብቻ ያነጋግራል፤ ምክንያቱም በሕዝብ ፊት ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም። ዛፍ ሊቆረጥ፣ የማሳ ጠርዝም በጎርፍ ሊሸሽ ስለሚችል ለምልክትነት የማይነቃነቅ ድንጋይ ይመርጣል፤ ያንንም አዋሳኞቹ ራሳቸው በሚጠሩት የቦታ ስም ይጽፈዋል። ከአየር ላይ በተነሣ ምስል የሚሠራው ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የማሳውን ቅርጽና ስፋት ከቀድሞው እጅግ አጥርቶ ያሳያል፤ ሆኖም ምስሉ ማሳው የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ያንን የሚያውቁት በወሰኑ ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በምዝገባው ጉባኤ ላይ ያልተገኘው ሰው መብት ነው። ከሌላ ቀበሌ ተድራ የመጣች ሚስት፣ ባሏ ሞቶባት ከባሏ ወንድሞች ጋር የምትኖር ሴት፣ በአያቱ እጅ የሚያድግ ወላጅ አልባ ልጅ፣ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረ ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ ስማቸው ከመዝገቡ ቢቀር ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። የምዝገባው ውጤት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ በሥርዓቱ ውስጥ የተካተተው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ማንበብ ለማይችል ሰው በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢውል ይፋ ሆነ ሊባል አይችልም። ድምፅን ከፍ አድርጎ ስም በስም ማንበብ፣ ያውም ሰው በሚበዛበት በገበያ ቀን ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ መመሪያው በዝርዝር ላያዝዘው ይችላል፤ ሙያው ግን ይጠይቃል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ባቀፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፕሮግራሙ መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ፣ አቅመ ደካማው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል፤ ማን ይግባ የሚለውን በመጀመሪያ የሚለየው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው፤ የባለሙያው ድርሻም ልየታው በዝምድናና በተሰሚነት እንዳይዛባ መከታተልና የቀረው ሰው አቤቱታ እንዲሰማ ማድረግ ነው።

የባለሙያ ብስለት በግልጽ የሚለየው በእምቢታ ነው። «ነገ ይምጡ» የሚለው መልስ የአንድ ቀን መንገድ በእግሩ ለመጣ ባለጉዳይ ከግልጽ ክልከላ ይከፋል፤ የተከለከለ ሰው ይግባኝ ይጠይቃል፣ የሚመላለስ ሰው ግን በሬውን ሸጦም ቢሆን ጉዳይ አስፈጻሚ መፈለግ ይጀምራል፤ እጅ መንሻም የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ውሳኔው የማይመች ቢሆንም ምክንያቱን፣ የተመሠረተበትን አንቀጽና ይግባኝ የሚባልበትን አካል በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ባለጉዳዩን በአንቱታ አስቀምጦ፣ አንብቦለት መስጠት ተገቢ ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የተቀበለ ባለጉዳይ ቢያዝንም መንገዱን ያውቃል፤ ደብዳቤውን የጻፈው ባለሙያም ከበላይ ግፊት ሲመጣበት የሚቆምበት የጽሑፍ መሠረት ይኖረዋል።

በመሥሪያ ቤቶች በተከታታይ የገቡት የለውጥ ፕሮግራሞች፣ የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥም ሆነ ውጤት ተኮር ምዘና፣ በጎ ሐሳብ ነበራቸው፤ ባለጉዳይን በአንድ መስኮት ማስተናገድን የመሰለ ዘላቂ ጥቅምም አምጥተዋል። ምዘናው ግን የተሰጠውን ደብተር ይቆጥራል እንጂ ሳይጻፍ የቀረውን የሴት ስም አይቆጥርም። በሙያው ላይ ማተኮር ይሻላል ሲባልም ደመወዝ ችላ ይባል ማለት አይደለም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ መሸፈን ያቃተውን ሠራተኛ በሙያ ፍቅር ብቻ ኑር ማለት ግፍ ነው።

ሙያው እንዴት እንደሚወረስ ለማየት አካባቢው ራሱ ያቆየው ምሳሌ አለ። በጋይንት ቤተ ልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ምስክር ይሰጣል፤ ምስክር ማለት ተማሪው ዜማውን ከሌላ ቦታ ተምሮ ቢመጣም በዚያ በመምህሩ ፊት እያዜመ፣ ስሕተቱ እየታረመ ተፈትኖ የሚያገኘው የማስተማር ፈቃድ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ባለሙያ ፋይሉን የሚያርምለት ሰው ሳያገኝ ለብቻው ሊወስን ይችላል፤ በየሳምንቱ አንድ የተወሰነ ፋይል ከነባር ባለሙያ ጋር ገልጦ መወያየት በጀት የማይጠይቅ፣ ለነባሩም ልምዱ ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አሠራር ነው።

የመዝገብ ጥበቃም የዚሁ ሙያ አካል ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ለቀናት ተይዛ መቆየቷን ያየ የአካባቢው ሠራተኛ፣ በአንድ ክፍል ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። ደብተሩ በገበሬው ቤት፣ ቅጂው በቀበሌ፣ ዋናው መዝገብ በወረዳ መቀመጡ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ለመተካት ያስችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን በውርስ፣ በስጦታና በፍቺ የመጣው ለውጥ ሁሉ በሦስቱም ቦታ በጊዜው ከተመዘገበ ነው።

ባለሙያ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ርክክብ የሚደረገው በአብዛኛው በወንበር፣ በሣጥንና በማኅተም ላይ ሲሆን፣ ሊረከቡት የሚገባው ዋናው ነገር ያልተጻፈው እውቀት ነው። በየቀበሌው ያደሩት የወሰን ክርክሮች የት እንደደረሱ፣ የትኛው ውሳኔ በይግባኝ ላይ እንዳለ፣ የትኛው ወላጅ አልባ ልጅ መቼ ለአካለ መጠን እንደሚደርስና መሬቱን በሞግዚትነት የያዘው ማን እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ በጥቂት ገጾች ተጽፎ፣ ተቀባዩ ቢያንስ አከራካሪ ወደሆኑት ማሳዎች ከአስረካቢው ጋር በእግሩ ሄዶ፣ ከአዋሳኞቹ ጋር ተዋውቆ ሊፈርምበት ይገባል።