የማንኩሳው ብፅዓት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታገኛላችሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከዚያ ነው።

ብዙ አንባቢ፥ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ያለቀሰውም ጭምር፥ ፊታውራሪ መሸሻን ይረግማል። ለዘር ክብር ሲሉ ሰብለ ወንጌልን ባል ነሥተዋታልና እርግማኑ አያስደንቅም። እኔን ግን ከትዕቢተኛው ይልቅ የሚያስፈሩኝ ደጎቹ ናቸው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፥ በዛብህ እንዲያድግላቸው ሲሉ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ብፅዓት ገቡ። ሕፃኑን የጠየቀው የለም። ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ ስለ ወደዱት ነው። ኋላ ዲማ ላይ ሰብለን ሲያስተምር ልቡ ቢሸፍትም፥ ያ ቃል እንደ ጥላ ይከተለዋል። ፊታውራሪን ሸሽቶ አዲስ አበባ መግባት ይቻላል፤ የእናትን ስእለት ሸሽቶ ወዴት ይገባል?

የጉዱ ካሣ ንግግር አንዳንድ ጊዜ ይረዝማል፤ ደራሲው በእርሱ አፍ ራሱ ያስተምራልና። ስለ ውድነሽ ግን አንድም ስብከት የለም። እናት ናት፤ ልጇ እንዳይሞት ፈራች። ሰብለ ማንነቷን ሸሽጋ ፍለጋ ስትወጣም፥ በዛብህን የምታገኘው ሽፍቶች አቍስለውት፥ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው።