ሣቅና ጀግንነት «ታላቁ ጦርነት» በተሰኘው ፊልም

ጦርነትን በአስቂኝ ፊልም ማቅረብ አደገኛ ሥራ ነው። ሣቁ ልክ ካለፈ በሙታን ላይ ማላገጥ ይሆናል፤ ከጎደለም ፊልሙ ከዲስኩር አይለይም። ኢጣሊያዊው አዘጋጅ ማሪዮ ሞኒቼሊ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው «ታላቁ ጦርነት» በሁለቱ ገደሎች መካከል መንገድ ያገኘ ሥራ ነው። ገና ሳይቀረጽ በአገሩ ጋዜጦች ተቃውሞ ቢነሣበትም፣ በዚያው ዓመት የቬኒስን የወርቅ አንበሳ ሽልማት ከሮቤርቶ ሮሴሊኒ «ጄኔራል ዴላ ሮቬሬ» ጋር ተጋርቷል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የሮማው ኦሬስቴ ያኮቫቺ (አልቤርቶ ሶርዲ) እና የሚላኖው ጆቫኒ ቡሳካ (ቪቶሪዮ ጋስማን) በግዴታ የተመለመሉ፣ ከውጊያ ይልቅ ከግዳጅ መሸሽን የተካኑ ወታደሮች ናቸው። ትውውቃቸው የሚጀምረው በጉቦ ነው፤ ቡሳካ ከምልመላው ለማምለጥ ገንዘብ ይሰጣል፣ ያኮቫቺም ይቀበላል፤ ይሁንና ሁለቱም ከግንባር አይቀሩም።

እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን የወረረው የፋሺስት አገዛዝ ያን ጦርነት እንከን የለሽ ጀግኖች የሠሩት ገድል አድርጎ ሲሰብክ ኖሯል። ሞኒቼሊ ይህን ሐውልት የሚነቀንቀው በጥቃቅን ትዕይንቶች ነው። በሁለቱ ምሽጎች መካከል አንዲት ዶሮ ትታያለች፤ ኢጣሊያኖቹም ኦስትሪያኖቹም ወደየራሳቸው ይጠሯታል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ወዲያውም ረሀቡ የሁለቱም ወገን መሆኑን ያስተውላል። ከየአውራጃው የመጡት ድሆች ወታደሮች በየአካባቢያቸው ዘዬ መናገራቸውም ለሥራው የሕዝብን ድምፅ ሰጥቶታል።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሲልቫና ማንጋኖ የምትጫወታት ኮስታንቲና የራሷ ሕይወት ያላት ገጸ ባሕርይ ከመሆን ይልቅ፣ ታሪኩ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያርፍባት ጥላ ትመስላለች።

የፊልሙ ኃይል በመጨረሻው ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1917 ከደረሰው የካፖሬቶ ሽንፈት በኋላ ሁለቱ በፒያቬ ወንዝ አካባቢ ይማረካሉ። ነፍሳቸውን ለማትረፍ ምስጢር ሊያወጡ ሲቃረቡ፣ የኦስትሪያው መኮንን ወገኖቻቸውን በንቀት ይዘልፋል። ቡሳካ በቁጣ አፉን ይዘጋል፤ ይረሸናልም። ያኮቫቺ ፈሪነቱን እየመሰከረ፣ ምንም አላውቅም እያለ ይረሸናል። ኢጣሊያኖቹ መልሰው ሲያጠቁ፣ ሻምበላቸው እነዚያ ሁለት ዳተኞች ዛሬም እንደ ልማዳቸው አመለጡ ብሎ ያልፋል።

ሠራዊቱ የማያውቀውን እውነት የያዘው እንግዲህ ተመልካቹ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል የሣቀባቸው ሰዎች ምስክር ሆኖ ይቀራል። ኮሜዲ ለተራው ወታደር ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ክብርም ይኸው ነው።